ዝርዝር ወይስ መዝገብ?

አራት ሕመምተኞች አሉ። አንደኛው ከትናንት ወዲያ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ጎልማሳ ነው፤ ቁስሉ እያመመው «ማስታገሻ አምጡልኝ!» እያለ ይጮኻል። ሁለተኛዋ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ቁርሷ ቀርቦ መርፌዋን ትጠብቃለች። ሦስተኛው ዛሬ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነው፤ ልብሱን ለባብሶ፣ ወረቀቱ እስኪፈረምለት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አራተኛው ጠዋት ከነርሷ ጋር ሲጫወቱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አሁን ግን ያሉበትን ቦታ አላወቁትም፤ አንሶላቸውን ይጎትታሉ፣ የሌለ ሰው ይጠራሉ። ነርሷ አንድ ናት። መጀመሪያ ወደ ማን ትሂድ?

ይህን የመሰለ ጥያቄ በስልክ ያነበበችልኝ ሜሪላንድ የምትኖር የአጎቴ ልጅ ናት። «የሚጮኸው ጋ ነዋ!» አልኳት ሳላመነታ። ሳቀችብኝ።

«ጋሼ፣ የሚጮኸው ሰው እኮ ይተነፍሳል፤ ያመመውንም ያውቃል። ሽማግሌው ጋ ነው። ጠዋት ደኅና የነበረ ሰው ድንገት ከቀባዠረ ውስጥ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።»

ልጅቷ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ነርስ ሆና ሠርታለች። አሁን አሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ በረዳትነት ሽማግሌዎችን እያጠበችና እያጎረሰች፣ ማታ ማታ ደግሞ ኤንክሌክስ ለሚባለው የነርሶች የሙያ ፈቃድ ፈተና ታጠናለች። የመጀመሪያውን ዓይነት ጥያቄ አትፈራውም። የሚያስቸግራት ሌላው ነው። ነርሷ ከሚከተሉት ሥራዎች ውስጥ የትኛውን ለረዳቷ መስጠት ትችላለች? የሚል። መድኃኒት መስጠት፣ ሕመምተኛውን መመርመር፣ ቤት ሲገባ ምን ማድረግ እንዳለበት ማስተማር፣ ገላውን ማጠብ።

«መልሱ ገላ ማጠቡ ነው፤ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ግን እጄ እምቢ ይለኛል። እኛ አገር ገላ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ሌሊት ግሉኮሱ ሲያልቅ ሮጦ የሚጠራኝ አስታማሚው ነበር። አስታማሚ ደግሞ ምርጫው ውስጥ የለም።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይቺ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አልለቀቀችኝም። ሃያ ዓመት ያህል የሥነ ጽሑፍ ፈተና ሳወጣና ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ምርጫው ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ሰው ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው አሳምሬ አውቃለሁ። የግጥም ኮርስ ላይ «ኤ» ያገኘ፣ ግን በዕድሜው አንድ ግጥም ወዶ የማያውቅ ተማሪ ነበረኝ። ፈተናዬን አልፏል፤ ምን አደርገዋለሁ? ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የሚቆም ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እና ይህን ፈተና ማን አመጣው፣ ጥያቄውስ ከየት ይቀዳል ብዬ ሳገላብጥ፣ መንገዱ ወደ ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶች ጠብ ወሰደኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የአንደኛዋን ስም ሁላችንም ሰምተናል፤ ፍሎረንስ ናይቲንጌል። በክሪሚያ ጦርነት ስሟ ከገነነ በኋላ ሕዝብ ባዋጣው ገንዘብ በ1860 ለንደን በሚገኘው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። እዚያ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዷ ተማሪ በየወሩ የሚሞላ ቅጽ ነበር። ቅጹ ሁለት ወገን አለው። ባንደኛው ወገን ጠባይ ነው፤ ሰዓት አክባሪነት፣ እርጋታ፣ ታማኝነት፣ የግል ንጽሕና። በሌላው ወገን ሥራው ተዘርዝሯል። ቁስል ማጠብና ማሰር፣ አልቅት ማጣበቅ (በዘመኑ ትልቅ ሕክምና ነበር)፣ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ጀርባው እንዳይቆስል ማገላበጥ፣ በሽተኛውን ከአልጋው ሳያስነሱ አንሶላ መቀየር፣ ለሕመምተኛ የሚሆን አጥሚት መሥራት፣ የክፍሉን አየር ንጹሕ ማድረግ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሕመምተኛን ማስተዋል የሚልም አለ። ትንፋሹን፣ እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱን፣ የቆዳውን መልክ፣ አእምሮው መቀባዠር አለመቀባዠሩን። በየሥራው ፊት ተማሪዋ እጅግ ጥሩ ትሁን፣ ጥሩ፣ መካከለኛ ወይም ጉድለት ያለባት ትሁን ይጻፋል።

አንባቢ ሆይ፣ አንሶላቸውን የሚጎትቱት ሽማግሌ በዚያ ቅጽ ላይ አሉ።

ይህን የመሰለ ቅጽ ያዘጋጀች ሴት ነርሶች በመንግሥት መዝገብ ይመዝገቡ ሲባል ደስ ይላታል ብሎ የሚያስብ ሰው አይፈረድበትም። ናይቲንጌል ግን ተቃወመች፤ በ1910 እስክትሞት ድረስም ሐሳቧን አልለወጠችም። ምክንያቷ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ቅጹን የምትሞላው አለቃ ተማሪዋን በየቀኑ ታያታለች፤ ስትቆጣ፣ ስትሰለች፣ ሌሊት ብቻዋን ስትሆን ታያታለች። የመንግሥት መዝገብ የሚያየው ግን ፈተና ማለፏን ብቻ ነው። የነርስ ዋናው ነገር ጠባይዋ ነው፤ ጠባይ ደግሞ አይፈተንም። ከዚያም በላይ በሃያ አምስት ዓመቷ መዝገብ ላይ የሰፈረች ሴት ስሟ ስልሳ ሲሞላትም እዚያው ይገኛል። በመካከሉ ጠጪ ሆና ይሆናል፤ ሥራውን ትታው ይሆናል፤ ሙያው ጥሏት ሄዶ ይሆናል። መዝገቡ ግን ዝም ይላል።

እውነቴን ነው፣ እዚህ ድረስ ሳነብ ከናይቲንጌል ጋር ነበርኩ።

ሁለተኛዋ ሴት ኤቴል ጎርደን ፌንዊክ ናት። ለንደን ውስጥ ከታላላቆቹ ሆስፒታሎች አንዱ በሆነው በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሜትሮን ስትሆን ገና 24 ዓመቷ ነበር። በ1887 ሐኪም አግብታ ሥራዋን ለቀቀች፤ የዚያን ጊዜ ደንብ ይኼው ነበር። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ነርሶች ማኅበር ተመሠረተ፤ ዋናዋ ሞተር እሷ ናት። የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ልዕልት ሄሌና ፕሬዚዳንት ሆነችለት። ፌንዊክ የምትለው ቀላል ነበር። ሐኪሞች በ1858 በወጣ ሕግ ተመዝግበዋል፤ ታማሚው ማን ሐኪም እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ ማወቅ ይችላል። ነርስስ? ማንኛዋም ሴት ነጭ ቆብና ሽርጥ ገዝታ «ነርስ ነኝ» ብትል የሚከለክላት የለም። ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ አለቃዋ ታውቃት ይሆናል፤ ሌሊት በሰው ቤት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ብቻዋን ከሕመምተኛ ጋር ስትቀመጥ ግን ማን ያውቃታል? ስለዚህ ሦስት ዓመት ትማር፣ ለሁሉም አንድ የሆነ ፈተና ትፈተን፣ ስሟ በአንድ መዝገብ ይግባ።

ይኼን ጊዜ የልጅነት ሰፈሬ ትዝ አለኝ። መርፌ ወጊ ነበረን። የድሮ ድሬሰር ነው ይሉት ነበር፤ ይሁን አይሁን የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። ሁላችንም «ዶክተር» እንለዋለን። ደግ ሰው ነበር፤ ገንዘብ የሌለውን በነፃ ይወጋል፤ በሌሊት ቢጠሩት ይመጣል፤ ናይቲንጌል በጠባይ ቅጽ ላይ «እጅግ ጥሩ» የምትለው ዓይነት ሰው። አንድ ቀን የአክስቴን ልጅ ወጋው፤ መቀመጫው ላይ፣ ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ አልነበረም። መርፌው የእግሩን ነርቭ ነካው። ልጁ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ እግሩን ይጎትታል። አክስቴ እስክትሞት ድረስ ሰውየውን አልረገመችውም። «ምን ያድርግ፣ አላወቀም» ትል ነበር። ፌንዊክ ይህን ብትሰማ ወንበር ላይ የምትቀመጥ አይመስለኝም። አለማወቁን ማወቅ የነበረበት ማን ነው? ደግነት ነርቩ በየት በኩል እንደሚያልፍ አይነግርም።

እናም ጠቡ ተጀመረ። ሠላሳ ዓመት ግድም ስለፈጀ ታሪክ ጸሐፊዎች «የሠላሳ ዓመት ጦርነት» ይሉታል።

ከዚህ ጦርነት ሁሉ እኔን እንደ ቋንቋ ሰው ያስደነቀኝ አንድ ውጊያ አለ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የፌንዊክ ማኅበር ከዘውዱ ቻርተር ጠየቀ። ናይቲንጌልና ወዳጆቿ፣ ትልልቆቹ የነርስ ትምህርት ቤቶችም ተነሡበት፤ ጉዳዩ የዘውዱ አማካሪ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ጠበቆች ተከራከሩ። በ1893 ቻርተሩ ተሰጠ። ነገር ግን ማኅበሩ «መዝገብ» እንዲይዝ አልተፈቀደለትም፤ የተፈቀደለት ስማቸው እንዲሰፍር ያመለከቱ ሰዎችን «ዝርዝር» እንዲይዝ ነው። አንዲት ቃል! ዝርዝር ማንም መያዝ ይችላል፤ እድርም፣ ባለ ሱቅም ይይዛል። መዝገብ ግን ሲገቡበት መብት፣ ሲሰረዙበት ቅጣት ያለበት ነው። ፌንዊክ ቻርተሩን፣ ተቃዋሚዎቿ ቃሉን ይዘው ወጡ። የፌንዊክ ልጆች ከዚያ በኋላ ለሩብ ምዕተ ዓመት የታገሉት «ዝርዝር»ን ወደ «መዝገብ» ለመለወጥ ነው ማለት ይቻላል።

የክርክሩ ልብ ጠባይና ፈተና ብቻ ነበር ብንል ግን የዋህ እንሆናለን። ገንዘብም ነበረበት። ለንደን ሆስፒታል የሚባለው ትልቁ ሆስፒታል ነርሶቹን የሚያሠለጥነው ለሁለት ዓመት ሲሆን፣ ነርሶቹን ወደ ሀብታሞች ቤት እየላከ ያስከፍልም ነበር። የሆስፒታሉ ሜትሮን ኢቫ ሉክስ የናይቲንጌል ወዳጅ ናት። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ይሁን፣ ያልተመዘገበች አትላክ ከተባለ ገቢው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። በሌላ በኩል የፌንዊክ ወገንም ንጹሕ አልነበረም። የደኃ ልጆች ወደ ሙያው በብዛት መግባታቸው ደስ የማይላቸው፣ ነርስነትን የጨዋ ቤት ልጆች ርስት ለማድረግ የሚሹ ነበሩበት። መዝገብ በር ነው፤ በር ደግሞ ሲሠራ የሚዘጋበት ሰው ይኖራል።

እንግሊዝ ስትከራከር ቅኝ ግዛቶቿ ቀደሟት። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኬፕ ቅኝ ግዛት በ1891 ነርሶችንና አዋላጆችን በሕግ መመዝገብ ጀመረች፤ ከጀርባው ኪምበርሊ ላይ ነርሶችን ታሠለጥን የነበረች ሄንሪየታ ስቶክዴል የምትባል መነኩሲት ነበረች። ኒውዚላንድ በ1901 ነርሶችን ብቻ የሚመለከት ሕግ አወጣች። አሜሪካ ውስጥ ሰሜን ካሮላይና በ1903 ቀዳሚዋ ሆነች። ለንደን ውስጥ ግን የፓርላማ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ በ1905 ምዝገባው ይደረግ ቢልም ረቂቁ ይቀርባል፣ ይወድቃል፤ ይቀርባል፣ ይወድቃል።

የጨረሰው ጦርነት ነው፤ እውነተኛው ጦርነት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ወራት የሠለጠኑ በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኛ ሴቶች የነርስ ልብስ ለብሰው ወደ ሆስፒታሎች ገቡ። ሦስት ዓመት የለፋችው ነርስና ትናንት የመጣችው በጎ ፈቃደኛ በሕዝቡ ዓይን አንድ ሆኑ። ጦርነቱ ሲያበቃ መንግሥት ራሱ ረቂቁን አቀረበ፤ የነርሶች ምዝገባ ሕግ በታኅሣሥ 1919 ጸደቀ። መዝገቡ በ1921 ሲከፈት ቁጥር አንድ ሆና የሰፈረችው ኤቴል ፌንዊክ ናት። የ64 ዓመት ሴት ነበረች።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። ፌንዊክ ግን መዝገቡ ከተከፈተላት በኋላ በሩ ላይ ቆመች። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ሲሠሩ የኖሩ ነርሶች በማስረጃ እንዲመዘገቡ የተወሰነ ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። እሷ የእያንዳንዷን ማመልከቻ እያገላበጠች፣ ማስረጃ ላይ ማስረጃ እየጠየቀች ሥራውን አንቀረፈፈችው። ከምክር ቤቱ አባላት አብዛኞቹ በብስጭት መልቀቂያ እስከማስገባት ደረሱ። በተከታዩ ምርጫ የተመዘገቡት ነርሶች ራሳቸው ድምፅ ነፍገው አስወጧት። ሠላሳ ዓመት የታገለችለት መዝገብ ላይ ስማቸውን ያሰፈረችላቸው ናቸው! ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላት።

ያ ሕግ በጸደቀበት በ1919 አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሕፃን ተወልዳ ነበር። በኋላ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ናቸው። ጣልያን አገራችንን ሲወርር ከወላጆቻቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፤ እዚያም በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ገቡ። የ1919ኙ ሕግ ለሕፃናት ነርሶች ለብቻው የመዝገብ ክፍል ነበረው። ልዕልቲቱ በ1939 ፈተናውን አልፈው በመንግሥት የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ፤ ቀጥሎም ጋይስ ሆስፒታል ገቡ። የስደተኛ ንጉሥ ልጅ ስለሆኑ የተከፈተላቸው የጓሮ በር አልነበረም፤ እንደ ማንኛዋም ተማሪ ተፈትነው ነው የገቡት። መዝገብ አንዳንዴ እንዲህም ያደርጋል፤ ልዕልትንና የገበሬ ልጅን በአንድ ቀለም ይጽፋል። አገራችን ነፃ ስትወጣ ተመለሱ፤ በ1942 ነቀምቴ ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ፤ ዕድሜያቸው ሃያ ሦስት እንኳ አልሞላም። ሕፃናትን ለማዳን የተመዘገበች ነርስ፣ በወሊድ። ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ ውስጥ ገንዘብ አሰባስባ በስማቸው ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተሠራ፤ በ1951 ተከፈተ። በኋላ ስሙ ተለውጦ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ።

ነርሶቻችንን «ሲስተር» ብለን የምንጠራውም ከዚያው ከእንግሊዞች ደንብ የመጣ ቃል ነው። እዚያ ሲስተር የሚባለው የአንድ የሕመምተኞች ክፍል ኃላፊ የሆነች ነርስ ናት። እኛ አገር ግን ዛሬ የተመረቀችውም፣ ጡረታ ልትወጣ የደረሰችውም ሲስተር ናት። የወንዱ ነርስ ነገር አልሆንልን ብሎ ይኸው ዶክተር እያልን እናሳፍረዋለን። የሙያ ስም ለእኛ አክብሮት ነው፤ ለፌንዊክ ግን ሕግ ነበር። በነገራችን ላይ ቃሉ እዚያም ገና እያወዛገበ ነው። «የተመዘገበ ነርስ» የሚለው በሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ «ነርስ» የሚለው ባዶ ቃል ግን ማንም የሚያነሣው ሆኖ ኖሮ፣ የብሪታንያ መንግሥት እሱንም በሕግ እንደሚያስጠብቅ ያስታወቀው በ2025 ነው።

ወደ አጎቴ ልጅ ፈተና ልመለስ። አሜሪካ ምዝገባን ስትጀምር ሕጎቿ የሚጠብቁት ስሙን ብቻ ነበር። ያልተመዘገበች ሴት «የተመዘገብኩ ነርስ ነኝ» እስካላለች ድረስ ሕመምተኛ ብታስታምም የሚከለክላት የለም። ለክፍያ የሚሠራ ሁሉ ፈቃድ ይኑረው የሚል ሕግ በመጀመሪያ ያወጣችው ኒውዮርክ ናት፤ በ1938። ፈተናው በየስቴቱ የተለያየ ነበር፤ በ1940ዎቹ ወደ አንድ የጋራ ፈተና መጡ። በ1978 የየስቴቱ የነርሶች ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቋሙ፤ ኤንክሌክስ በ1982 ተጀመረ፤ ከ1994 ወዲህ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ኮምፒውተሩም እንደ መምህር አይደለም፤ ስትመልስ ከበድ ያለ፣ ስትስት ቀለል ያለ ጥያቄ እያመጣ ልክህን ይፈልጋል። ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ ነው። ማለፍህን ወይም መውደቅህን ያረጋገጠ ሲመስለው ድርግም ብሎ ይጠፋል። ስንት ሰው 85ኛው ላይ ስክሪኑ ሲጠፋበት ልቡ አብሮ እንደጠፋ ብትሰሙ!

ታዲያ ጥያቄው ከየት ይቀዳል? መልሱ ሲገባኝ ፈገግ አልኩ። ምክር ቤቱ በየሦስት ዓመቱ አንድ ጥናት ያደርጋል፤ የሙያ ተግባር ትንተና ልንለው እንችላለን። ባለሙያዎች ተሰብስበው አንዲት አዲስ ነርስ የምትሠራቸውን ሥራዎች ይዘረዝራሉ፤ ከአንድ መቶ በላይ ነው። ያ ዝርዝር በቅርቡ ፈቃድ ላገኙ በሺህ ለሚቆጠሩ ነርሶች ይላካል። ይህን ሥራ ምን ያህል ጊዜ ትሠሪዋለሽ? ለሕመምተኛው ደኅንነትስ ምን ያህል ወሳኝ ነው? ብለው ይጠይቋቸዋል። መልሱ ተደምሮ፣ ተቀንሶ ከየትኛው የሥራ ዘርፍ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ ይወስናል። ፕሮፌሰሩ የሚወዱት ርዕስ ስለሆነ ብቻ አይገባም፤ የሚሠራ ሥራ መሆን አለበት። እኔ ሃያ ዓመት ፈተና ሳወጣ አንድም ቀን «ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ምን ይሠራል?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ የምወደውን ነበር የምጠይቀው። የነዚህ ሰዎች ጥናት ያሳፈረኝ ለዚህ ነው።

ይህ ዝርዝር የናይቲንጌል ቅጽ የልጅ ልጅ መሆኑን ልብ በሉልኝ። አልቅቱ ወጥቷል፤ ኮምፒውተርና ፓምፕ ገብቷል። ማስተዋል ግን ተመልሶ መጣ። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ፈተናው አዲስ ዓይነት ጥያቄ ጨመረ። የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ በየሰዓቱ እየተገለጠ ይቀርባል፤ ተፈታኟ ከመካከሉ የሚያሠጋውን ምልክት ትለያለች፣ ምን ማለት እንደሆነ ታመዛዝናለች፣ የትኛው እንደሚቀድም ትወስናለች፣ ታደርጋለች፣ ውጤቱን ታያለች። ናይቲንጌል አይፈተንም ያለችውን ነገር፣ ጠባይን ባይሆንም ፍርድን፣ ለመፈተን የተደረገ ሙከራ ነው። የመዝገቡን ዝምታ በተመለከተም ብሪታንያ በ2016 መልስ የሚመስል ነገር አመጣች። እያንዳንዱ ነርስ በየሦስት ዓመቱ ቢያንስ 450 ሰዓት መሥራቱንና 35 ሰዓት መማሩን አሳይቶ ስሙን ያሳድሳል፤ አለዚያ ከመዝገቡ ይወጣል። ናይቲንጌል ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላ ጠላቶቿ ያቋቋሙት መዝገብ ክርክሯን ተቀበለ።

ነገር ግን የጥናቱን ወሰን አስተውሉ። የተጠየቁት በአብዛኛው በአሜሪካ ፈቃድ ያገኙ አዳዲስ ነርሶች ናቸው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ፈተናው ወደ አሜሪካ ሆስፒታል የሚያስገባ በር ነውና የዚያን ሆስፒታል ሥራ መጠየቅ አለበት። ሆኖም የአጎቴ ልጅ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ የምትለካው ጥቂት ወር በሠራች የኦሃዮ ልጅ ሜትር ነው። እጇ የሚያውቀው ብዙ ነገር ዝርዝሩ ላይ አልሰፈረም። ለአንድ ክፍል ሙሉ ሕመምተኛ ብቻዋን ሆና፣ መብራት ሲጠፋ፣ ጓንት ሲያልቅ፣ አምስት አስታማሚ በአንድ ጊዜ ሲጠራት ማን ጋ እንደምትሄድ መለየትን ማን ይጠይቃታል? መጀመሪያ ወደ ማን ልሂድ የሚለውን እኮ በዚህ ነው የተማረችው። ለዚያ ነው የመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ የማያስፈራት።

እኛም አገር ፈተናው መጥቷል። የኮሌጅ ተመራቂዎች ሲኦሲን ለምደውታል፤ ከዩኒቨርሲቲ ለሚወጡ የጤና ባለሙያዎችም ጤና ሚኒስቴር ከ2019 ወዲህ የብቃት ምዘና ፈተና ይሰጣል። እሰየው! የአክስቴን ልጅ እግር ያየ ሰው ፈተናን አይጠላም። እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የእኛ ፈተና የእኛን የሕመምተኞች ክፍል ሥራ የሚያውቅ ይሁን። አስታማሚን የማያውቅ ፈተና ነርሳችንን አያውቃትም። ሦስት ሌሊት ያልተኛች እናት ለልጇ መድኃኒቱን ራሷ ልስጠው ስትል ምን ትያታለሽ? ምን ታስተምሪያታለሽ? የትኛውን ሥራ ትሰጫታለሽ፣ የትኛውን ከእጇ ትወስጃለሽ? ይህ የሥልጣን ማካፈል ጥያቄ ነው፤ በየቀኑ፣ በየአልጋው የሚመለስ ጥያቄ። ሥራውን ሳይቆጥሩ ፈተናውን ከባሕር ማዶ መጽሐፍ መገልበጥ ቀላል ነው። ለመቁጠር ግን ነርሷን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሠልፍ ላይ ቆማ ሳይሆን ከሌሊት ተራዋ ስትወጣ፣ ቁጭ ብላ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደክሟል። የምትንከባከባቸው አንዲት አሮጊት አሉ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ስኳሩ በዛ እያሉ በየማታው የሚጨቃጨቋት። በዚያ ሰሞን አንድ ማታ ሻዩን አቀረበችላቸው፤ ዝም አሉ። ጠጡ፤ አሁንም ዝም አሉ። «ጋሼ፣ ዝምታቸው አላማረኝም» አለችኝ። ትንፋሻቸውን ቆጠረች፤ ቆዳቸውን ነካች፤ ሮጣ የተረኛዋን ነርስ ጠራች። ነርሷ መጣች፤ አምቡላንስ ተጠራ። ሳንባቸው ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ኖሮ ደርሰውላቸዋል፤ ተርፈዋል።

«ጎበዝ!» አልኳት።

«ፎርሙ ተሞላ» አለች። «ማን አየ፣ ስንት ሰዓት ላይ አየ የሚል ቦታ አለው። ተረኛዋ ፈረመችበት፤ የፈቃድ ቁጥሯን ጻፈች። ደንቡ ነው፤ አልተቀየምኳትም።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ፈተናዬ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። በል አንድ ጥያቄ ላንብብልህ፤ አራት ሕመምተኞች አሉ...»